ዓሣና ሰላጣ በአንድ ውሃ፤ ለነጋዴዎች ስለ ሦስት ማዕድናት የቀረበ ትምህርት

የግብርና ዕቃ አስመጪዎችና ባለሱቆች፥ አኳፖኒክስ ለሚባለው የአተካከል ዘዴ የሚሆን ማዕድን በደንበኞቻቸው ሲጠየቁ፥ ዕቃውን በስሙ ብቻ ዐውቆ መሸጥ አይበቃም። ለተራ እርሻ የሚሆነው ማዳበሪያ ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንምና። ባልተስማማ ዕቃ ምክንያት የደንበኛው ዓሣ በአንድ ሌሊት ቢያልቅ፥ ከገንዘቡ ኪሣራ ይልቅ የሻጩ ስም ይጎዳል።

አኳፖኒክስ ማለት ያለ አፈር፥ በሚዘዋወር አንድ ውሃ፥ ዓሣንና አትክልትን አጣምሮ ማሳደግ ነው። ዓሣው መኖውን በልቶ አሞንያ ወደ ውሃው ይለቃል፤ በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችም አሞንያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ሰላጣው፥ ቆስጣውና በሶብላው ናይትሬቱን ተመግበው ያድጋሉ፤ ውሃውም ጠርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል።

ነገር ግን መኖው የሚዘጋጀው ለዓሣው ሆድ እንጂ ለሰላጣው ሥር አይደለም። ስለዚህ ከንጥረ ነገሮቹ አብዛኞቹ ሲሟሉ፥ ሦስቱ ብዙ ጊዜ ይጎድላሉ።

አንደኛው ብረት ነው። ብረት ሲጎድል አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ የቅጠሉ ጅማቶች ግን አረንጓዴ እንደ ሆኑ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ካልሲየም ነው። ሲጎድል በሰላጣው ውስጥ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ጫፋቸው ይጠቁራል። አየር በደንብ በማይዘዋወርበት ቤትም ይኸው ምልክት ስለሚታይ፥ ገበሬው ሁለቱንም መመርመር አለበት።

ሦስተኛው ፖታሲየም ነው። ሲጎድል የአሮጌው ቅጠል ዳርና ዳር ተቃጥሎ ይደርቃል።

የዚህ ሥራ ታላቅ ምሳሌ በሴንት ክሮይ ደሴት የሚገኘው የቨርጂን ደሴቶች ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ ዶክተር ጄምስ ራኮሲና ባልደረቦቻቸው ቲላፒያ ከሚባለው ዓሣ ጋር ቅጠላ ቅጠል ሲያሳድጉ፥ ባክቴሪያዎቹ በሥራቸው ውሃውን እያኮመጠጡ መሄዳቸውን በጥቅም ለወጡት። የውሃው ፒ ኤች በ7 አካባቢ እንዲቆይ፥ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በተራ ይጨመሩ ነበር። በዚህ አኳኋን ኮምጣጣነቱም ይታረማል፥ ሁለቱ ማዕድናትም ይሟላሉ። ብረቱ ደግሞ በየሦስት ሳምንቱ፥ ለአንድ ሊትር ውሃ 2 ሚሊግራም ሆኖ ይጨመር ነበር።

ብረቱ ኬሌት የተባለው፥ ማለት በሌላ ውሑድ ታቅፎ እንዳይዘቅጥ የተዘጋጀው ሊሆን ይገባል። ተራው የብረት ሰልፌት ፈጥኖ ዝቃጭ ይሆናልና። ከኬሌቶቹም ኢ ዲ ቲ ኤ ለኮምጣጣ ውሃ፥ ዲ ቲ ፒ ኤ እስከ 7 ለሚደርስ፥ ኢ ዲ ዲ ኤች ኤ ከዚያ በላይ ለሆነ ውሃ ይስማማል።

ሻጩ በዕቃው ላይ የተጻፈውን የብረት መቶኛ ማንበብ አለበት። ለ1,000 ሊትር ውሃ 2 ግራም ንጹሕ ብረት ያስፈልጋል። ዱቄቱ ከመቶ 11 እጅ ብረት ያለው ቢሆን፥ 2ን ለ0.11 ሲያካፍሉት 18 ግራም ያህል ይሆናል፤ ከመቶ 6 እጅ ብቻ ያለው ቢሆን 33 ግራም ያህል ይፈለጋል። ስለዚህ የሁለት ዕቃዎች ዋጋ በኪሎ ሳይሆን በውስጣቸው ባለው ብረት ይነጻጸራል።

አሞንያ ያለበት ማዳበሪያና የመዳብ መድኃኒት ለዓሣ መርዝ ስለ ሆኑ ለዚህ ሥራ አይሸጡም። ሶዲየም ያለበት ዕቃም በውሃው ተጠራቅሞ አትክልቱን ይጎዳል። ሃይድሮክሳይዶቹ ቆዳና ዐይን የሚያቃጥሉ ናቸውና ከጓንትና ከመነጽር ጋር ይሸጡ፤ ገዢውም ጥቂት በጥቂት እንዲጨምር ይነገረው፤ የፒ ኤች ድንገተኛ ለውጥ ዓሣውን ይጎዳልና።

ለማጠቃለል፥ ዕቃው ከመደርደሪያው ከመውረዱ በፊት ሻጩ ገዢውን ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ የውሃው ብዛት ስንት ሊትር ነው? ፒ ኤቹ ስንት ነው? የታመመው አዲሱ ቅጠል ነው ወይስ አሮጌው? መልሱን ሰምቶ የሚሸጥ ነጋዴ፥ ደንበኛው ተመልሶ የሚመጣው ለአቤቱታ ሳይሆን ለሁለተኛ ግዥ ይሆናል።