ሻንት ሬጉሌተር ልትሠራ ላሰብከው ልጄ

ልጄ፣ ፎኖ ፕሪአምፑን ሠርተህ እንደጨረስክ፣ ከዘፈኑ ሥር ግን «እምምም» የሚል ድምፅ አልለቅ እንዳለህ፣ አሁን ደግሞ ሻንት ሬጉሌተር ልትሠራለት እንዳሰብክ ነግረኸኛል። ሐሳብህ ጥሩ ነው። ዕቃ ለመግዛት ከመውጣትህ በፊት ግን ይህችን አንብባት። የማውቀውን ሁሉ አልዘከዝክልህም፤ ለአንተ ሥራ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው የምጽፍልህ።

1. በመጀመሪያ ሥራው ሻንት የሚገባው መሆኑን አረጋግጥ። የአንተ ይገባዋል። የሸክላ ማጫወቻህ መርፌ የሚያወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ተቀንሶ ስለሚቀረጽ፣ ፕሪአምፑ መልሶ ማንሳት አለበት፤ 50 ኸርዝን ከ1 ኪሎኸርዝ በ17 ዴሲቤል ማለትም በ7 እጥፍ፣ 100 ኸርዝን ደግሞ በ13 ዴሲቤል ወይም ከ4 እጥፍ በላይ ያጎላል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በዳዮድ ብሪጅ ካለፈ በኋላ የሚተርፈው ሞገድ 100 ኸርዝ ይሆናል። እንግዲህ ፕሪአምፑ አብልጦ የሚያጎላው እነዚህኑ ሁለቱን መሆኑን ልብ በል። ለስፒከር አምፕሊፋየር ግን ሻንትን አታስበው። 35 ቮልት ላይ 2 አምፔር የሚይዝ ሻንት ሙዚቃ ኖረም አልኖረም 70 ዋት ሙቀት ያወጣል።

2. አሠራሩን በደንብ ሳትረዳ መበየጃ አታንሳ። ከላይ ኮረንቲን ሁልጊዜ በአንድ መጠን ብቻ የሚለቅ ክፍል አለ። ከታች፣ ከፕሪአምፑ ጎን ለጎን፣ ፕሪአምፑ ያልወሰደውን ተቀብሎ ወደ ግራውንድ የሚሰድ ሌላ ክፍል ይቆማል። ቧንቧው ሳያቋርጥ የሚሞላውን፣ የተረፈው በጎኑ ቀዳዳ የሚፈስበትን በርሜል አስብ፤ ብትቀዳም ባትቀዳም የውሃው ከፍታ ያው ነው። በተራው ሲሪስ ሬጉሌተር የዘፈኑ ኮረንቲ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ያ መወዛወዝ እስከ ዋናው ካፓሲተርና ዳዮዶቹ ድረስ ይሄዳል። በሻንት ግን ውዝዋዜው በፕሪአምፑና በሻንቱ መካከል እዚያው አጠገብ ይዞራል፤ ትራንስፎርመሩ ከቁም ነገር የሚቆጥረው ለውጥ አያይም። ዋጋው ሙቀት ነው። ፕሪአምፑ ሲያርፍ ሻንቱ ይብስ ይሞቃል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በቫልቭ ዘመን ኦኤ2 የሚባል በጋዝ የተሞላ ብርጭቆ ይህንኑ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ከ5 እስከ 30 ሚሊአምፔር እየተቀበለ 150 ቮልትን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ሲሠራ ስለሚበራ ከሩቅ ታውቀዋለህ።

3. ኮረንቲህን ሳትለካ መርካቶ አትውረድ። በፕሪአምፑ ፖዘቲቭ ሽቦ መሃል 10 ኦም ሬዚስተር አስገባና በቴስተር ጫፍና ጫፉን ለካው። 250 ሚሊቮልት ካሳየህ ፕሪአምፑ የሚበላው 25 ሚሊአምፔር ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይወለዳል። በ24 ቮልት 25 ሚሊአምፔር ለሚበላ ፕሪአምፕ እኔ በድምሩ 57 ሚሊአምፔር እለቅለታለሁ፤ 32ቱ ለሻንቱ ይተርፋል። ሦስትና አራት እጥፍ የሚለቁ አሉ። ፕሪአምፕህ የሚበላው ብዙም የማይለዋወጥ ከሆነ ያ ትርፉ ሙቀት ማብዛት ነው።

4. ትራንስፎርመሩን የምትመርጠው ለመልካም ሰዓት ሳይሆን ለክፉ ሰዓት ነው። ባለ 24 ቮልት ትራንስፎርመር፣ 220 ሲገባለት፣ ከብሪጁ በኋላ 24 ጊዜ 1.414 ሲቀነስ የሁለቱ ዳዮዶች 1.4፣ ማለት 32.5 ቮልት ይሰጥሃል። ነገር ግን ማታ ጎረቤቱ ሁሉ የኮረንቲ ምጣዱን ሲሰካ 220 የነበረው 190 ቢወርድ በእጅህ የሚቀረው 28 ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ሞገዱን ቀንስ፦ በ2200 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሩብ ቮልት ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ በምነግርህ አሠራር ሬጉሌተሩ ከ24ቱ በላይ ቢያንስ 3.25 ቮልት ይፈልጋል። ለጥቂት ያልፋል። ትንሽ ትራንስፎርመር ሳይጫነው ሲቀር ከተጻፈበት በላይ ስለሚሰጥ እሱም ይረዳሃል፤ በዚያው ልክ ካፓሲተሩ የ35 ሳይሆን የ50 ወይም የ63 ቮልት ይሁን። ባለ 18 ቮልት ትራንስፎርመር «ይበቃል» የሚልህ ካለ አትስማው፤ ቀንም ሊያጉረመርም የሚችል፣ ማታ ደግሞ የሚብስበት ፕሪአምፕ ይሆንብሃል።

5. ዕቃዎቹ ሦስት ናቸው፦ ኤልኤም317፣ ቲኤል431 እና ቢዲ140። ሦስቱም ርካሽ፣ ሦስቱም የትም የሚገኙ ናቸው። አገናኙ እንዲህ ነው። የዋናው ካፓሲተር ፖዘቲቭ ወደ ኤልኤም317 መግቢያ ይሂድ። ከመውጫው 22 ኦም ሬዚስተር ይቀጥላል፤ የሬዚስተሩ ሌላ ጫፍና የኤልኤም317 ማስተካከያ እግር አንድ ላይ ይታሰራሉ። 24 ቮልትህ የሚወጣው ከዚህ መገናኛ ነው። ኤልኤም317 በመውጫውና በማስተካከያ እግሩ መካከል ሁልጊዜ 1.25 ቮልት ስለሚጠብቅ፣ 1.25 ለ22 ሲካፈል 57 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። ቀጥሎ ቢዲ140ን ከ24 ቮልቱ ወደ ግራውንድ አቁመው፤ ኤሚተሩ ከላይ፣ ኮሌክተሩ ከታች። ከኤሚተሩ ወደ ቤዙ 330 ኦም አስገባ። ቤዙ ከቲኤል431 ካቶድ ጋር ይገናኝ፣ አኖዱ ወደ ግራውንድ። በመጨረሻ ከ24 ቮልቱ 18 እና 1 ኪሎኦም በተከታታይ፣ ከሥራቸው 2.2 ኪሎኦም ወደ ግራውንድ፤ የ19 እና የ2.2 መገናኛ ወደ ቲኤል431 ሪፈረንስ እግር። ቲኤል431 ያን እግር 2.495 ቮልት ላይ ለመያዝ ስለሚታገል መውጫው 24 ላይ ይቆማል።

330 ኦሙን «ትንሽ ነገር ነው» ብለህ አትዝለለው። ቲኤል431 ቢያንስ 1 ሚሊአምፔር ካላለፈበት በትክክል አይሠራም፤ ይህ ሬዚስተር 2 ያህል ያሳልፍለታል። ቲኤል431 ራሱ እስከ 100 ሚሊአምፔር ይችላልና ቢዲ140 ለምን አስፈለገ ብትል፣ 24 ቮልት በ57 ሚሊአምፔር ወደ 1.4 ዋት ይመጣል፤ ያቺ ትንሽ ፕላስቲክ አትችለውም።

አንድ ባለ 24 ቮልት ዜነር ብቻ አቁሞ መገላገልም ይቻል ነበር። ከ6 ቮልት በላይ ያሉ ዜነሮች ግን ጫጫታቸው ብዙ ነው፣ ሲሞቁም ቮልቴጃቸው ከፍ ይላል። ለሸክላ አይሆኑም።

6. ቲኤል431 ከመግዛት ከተበላሸ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ወይም ከሪሲቨር ቦርድ ብታወጣው ይሻላል፤ አብዛኞቹ ውስጥ ከኦፕቶካፕለሩ አጠገብ ታገኘዋለህ። ከመደርደሪያ ከሚሸጠው ይልቅ ትክክለኛ የመሆን ዕድሉ የሰፋ ነው። ነገር ግን የእነዚህ ቦርዶች ትልቁ ካፓሲተር 311 ቮልትና ከዚያም በላይ ሊሞላ ይችላል፤ ከተነቀለ በኋላም ይዞ ሊቆይ ይችላል። በሬዚስተር አፍስሰህ፣ በቴስተር ዜሮ መሆኑን ሳታይ እጅህን አታስገባ። ይህችን ምክር ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጣት።

7. የብረት ጀርባ ሁሉ ግራውንድ አይደለም። የቢዲ140 ጀርባ ኮሌክተሩ ነው፤ በዚህ አሠራር ከግራውንድ ጋር ስለተገናኘ በቀጥታ ከሂት ሲንኩ ጋር ብታስረው ምንም አይደል። የኤልኤም317 ጀርባ ግን መውጫው ነው፣ 25 ቮልት ያህል ተሸክሟል። ሁለቱን በአንድ ሂት ሲንክ ካሰርክ በኤልኤም317 ሥር ሚካ፣ በብሎኑም ላይ የፕላስቲክ ማቀፊያ ያስፈልግሃል። ቢዲ140 ያለ ሂት ሲንክ ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ የእጅህን መዳፍ የምታህል አሉሚኒየም ትበቃዋለች። ሞቀ ብለህ አትደንግጥ፣ መሞቅ ሥራው ነው። ጣትህን ማሳረፍ ካልቻልክ ግን አሉሚኒየሙን አስፋው።

8. ጫጫታውን በአንድ ካፓሲተር ቀንስ። የቲኤል431 የራሱ ጫጫታ ከ2.5 ወደ 24 ሲነሳ አብሮ ወደ 10 እጥፍ ገደማ ይነሳል። በ19 ኪሎኦሙ ላይ ጎን ለጎን 47 ማይክሮፋራድ ብታስር፣ ከባሱ ጀምሮ ያለው ጫጫታ ሳይባዛ ይቀራል። ስታስነሳው ቴስተሩ 24 ለመድረስ ጥቂት ሰከንዶች ያህል ቀስ እያለ ሲወጣ ታያለህ፤ ካፓሲተሩ በ2.2 ኪሎኦሙ በኩል እየሞላ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ከግራውንድ ወደ ሪፈረንስ እግሩም 1ኤን4148 ዳዮድ አስገባ፤ መስመሩ የተሳለበት ጫፍ ወደ እግሩ ይሁን። መውጫው በድንገት ከግራውንድ ጋር ቢነካካ የሞላው ካፓሲተር እግሩን ከግራውንድ በታች 21 ቮልት ጎትቶ ቲኤል431ን እንዳይገድልብህ ነው።

9. መውጫው ላይ ትንሽ ሴራሚክ ካፓሲተር አትለጥፍ። ብዙ ሰው በልማድ 100 ናኖፋራድ ጣል ያደርጋል። ቲኤል431 ከ10 ናኖፋራድ እስከ ጥቂት ማይክሮፋራድ ባለው ክልል ራሱን በራሱ ማወዛወዝ ይወዳል። ተራ ኤሌክትሮሊቲክ 100 ማይክሮፋራድ አስገባ፤ በውስጡ ያለችው ትንሽ ኦም ታረጋጋዋለች። ኦሲሎስኮፕ ከሌለህ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ ክፈትና ከሬጉሌተሩ አጠገብ ይዘህ ጣቢያ ፈልግ። ሬጉሌተሩን ስትነቅለው የሚጠፋ፣ ስትሰካው የሚመለስ ፉጨት ካገኘህ እየተወዛወዘ ነው። ያኔ በ47 ማይክሮፋራዱ መስመር 100 ኦም በተከታታይ አስገብተህ እንደገና ስማ።

10. ፕሪአምፑን ወዲያው አትስካበት። መጀመሪያ ባዶውን ለካው፣ ከዚያ ባለ 2 ዋት 1 ኪሎኦም ሬዚስተር ጫንበት፤ 24 ሚሊአምፔር ይበላል። ቮልቴጁ በሁለቱም ከ24 እጅግም ካልተነቃነቀ ሥራህ ተሳክቷል። በትራንስፎርመሩ መግቢያ ፊውዝ መኖሩን የምነግርህ አይመስለኝም፣ ግን ይኸው ነገርኩህ።

11. ግራውንዱን ከየት እንደምትወስድ ተጠንቀቅ፤ ጥሩ ሬጉሌተሮች ሁሉ የሚበላሹት እዚህ ነው። ከብሪጁ ወደ ዋናው ካፓሲተር የሚሄደው ኮረንቲ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚመጣ ኃይለኛ ምት ነው። የሬጉሌተሩን ግራውንድ በብሪጁና በካፓሲተሩ መካከል ካለው ሽቦ ላይ ከወሰድክ ያ ምት ከነሙሉ ኃይሉ ይገባልሃል። ግራውንዱን ከካፓሲተሩ እግር ላይ፣ ከብሪጁ ማዶ ውሰድ። የ19 እና የ2.2 ኪሎኦሙን ጫፎችና የቲኤል431ን አኖድም ወደ ሻንቱ ሳይሆን እስከ ፕሪአምፑ ቦርድ ድረስ በቀጭን ሽቦ ወስደህ እዚያው እሰራቸው፤ ቲኤል431 የሚጠብቀው ፕሪአምፑ ጋ የሚደርሰውን ቮልቴጅ ይሆናል።

12. ውድ ካፓሲተር አትግዛ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በጀመረው አምሃ ሪከርድስ የታተሙት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ስንት ግብዣ ያሳለፉ፣ በስንት መርፌ የተላጉ ናቸው። የእነሱ «ችርችር» ከዚህ ሬጉሌተር ጫጫታ እጅግ ይበልጣል። ገንዘቡን ለአዲስ መርፌ አውለው።

13. ይህን ሁሉ አድርገህ «እምምም»ው ካልጠፋ ድምፁን ለይተህ ስማ። ሻከር ያለ «ዝዝዝ» ከሆነ 100 ኸርዝ ነው፤ ወደ ቁጥር 4 እና 11 ተመለስ። ወፈር ያለና ለስላሳ ከሆነ 50 ኸርዝ ነው፣ እሱም ከሬጉሌተሩ አይደለም። የትራንስፎርመሩ መግነጢስ በመርፌው ሽቦ ወይም በመርፌው ራሱ ላይ እያረፈ ይሆናል። ትራንስፎርመሩን ከሳጥኑ አውጥተህ በረጅም ሽቦ ራቅ አድርገው፣ ካልሆነም ባለበት ሩብ ዙር አዙረው፤ ድምፁ ከተለወጠ ጥፋተኛውን አገኘኸው። ካልተለወጠ የማጫወቻውን የግራውንድ ሽቦ ተመልከት፤ በአሮጌ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ተበጥሶ የሚገኘው እሱ ነው።