በቆርኪ ጦር መግጠም፦ ለአንድ የሀዋሳ ወጣት

ልጄ፣ የጥንት ውጊያ በጠረጴዛ ላይ ለመጫወት አስበህ የትናንሾቹ ወታደሮች ዋጋ እንዳስደነገጠህ ሰማሁ። አትደንግጥ። ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው አሻንጉሊቱ ሳይሆን የጦር አዛዡ ያላወቀው ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም በገንዘብ አይሸጥልህም።

1. ወታደር አትግዛ። ከግሮሰሪ በር ላይ ቆርኪ ልቀም፤ ዳማ ተጫዋቾች እንደሚያደርጉት አንዱን ወገን በፊቱ፣ ሌላውን በጀርባው ደርድር። መልክ ያለው ሠራዊት ካማረህ አንድ ወታደር ሥለህ ፎቶ ኮፒ ቤት አባዛውና ካርቶን ላይ ለጥፈው። ስትሥል የአገራችንን ሠዓሊዎች ልማድ ተከተል፤ በአድዋ ሥዕሎች ላይ ወገን በሙሉ ፊቱ፣ ጠላት ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ነው የሚታየው። የማን ጦር የቱ እንደሆነ ከሩቅ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

2. ደንቡን ከአሮጌ መጽሐፍ ውሰድ። ኤች ጂ ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. ያሳተማት «ሊትል ዎርስ» ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነጻ ትገኛለች። እሱ የሚተኩሰው በሞላ በሚሠራ የአሻንጉሊት መድፍ ነው፤ አንተ የሉዶ ዳይስ ይበቃሃል። ከእሱ መውሰድ ያለብህ ሰዓት መያዙን ነው፤ የእያንዳንዱ ተጫዋች ተራ በደቂቃ ይለካል፣ ሲያመነታ የሚያመሽ ሰው የለም።

የሚበልጠው ትምህርት ግን ከዌልስ በፊት ነበር። የፕሩሲያው መኮንን ራይስቪትዝ በ1824 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጨዋታ እውነቱን ሁሉ የሚያውቀው ዳኛው ብቻ ነው፤ ተጋጣሚዎቹ ዳኛው የነገራቸውን ያህል ብቻ ያያሉ። በእኛም የጥንት ሰንጠረዥ፣ «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ባንዴ ያንቀሳቅሳሉ። ይህን የሌሊት ጉዞ ደንብ አድርገው። ተኩስ ሲከፈት ወደ ተራ ግቡ።

3. ከአድዋ አትጀምር። ልብህ እዚያ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዱን ቆርኪ 500 ሰው ብትለው ለጄኔራል ባራቲዬሪ 17,700 ያህል ሰው 35 ቆርኪ ይበቃዋል፤ ለአፄ ምኒልክ ግን ወደ 200 ትፈልጋለህ። ጀማሪ ይህን ሲያይ ውጤቱ የታወቀ ነው ብሎ ያዛጋል። የውጊያው ፍሬ ያለው ግን ከቁጥሩ ይልቅ በጉዞው ላይ ነው። ለየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አጥቢያ በጨለማ የተንቀሳቀሱት የኢጣሊያ ብርጌዶች እንዲደጋገፉ ታቅዶ ሳለ ተራርቀው ነጋባቸው። የባራቲዬሪ ንድፍ ካርታ «ኪዳነ ምሕረት» ያለው ኮረብታ ትክክለኛው ስላልነበረ፣ የአንዱ ብርጌድ አዛዥ አልቤርቶኔ ስሙን ተከትሎ ኪሎ ሜትሮች አልፎ ሄደ፤ የሌላው አዛዥ ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ። ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ ለኢጣሊያው ተጫዋች የተሳሳተውን ካርታ ስጠው፤ እውነተኛው ከዳኛው እጅ አይውጣ። ለኢጣሊያኖቹ ጉዞ የበርክሌይ የ1902 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነጻ አለልህ፤ ለእኛ ወገን ተክለ ጻድቅ መኩሪያንና ጳውሎስ ኞኞን ከቤተ መጻሕፍት ተዋስ። በቁጥር ካልተስማሙ አማካዩን አትውሰድ፤ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ተጫወተው።

4. ከቁሊቶ ጀምር። ከሀዋሳ 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ዛሬ ሃላባ ቁሊቶ በምንላት ከተማ አቅራቢያ፣ ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሥር የነበረው የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ጦር የብላቴን ወንዝ ሊሻገር ከኢጣሊያ ጋር ገጠመ። ሁለት ሻምበሎች ተሻግረው ማዶ ቦታ ያዙ። ተጠባባቂው ጦር ሊደርስላቸው ሲል ኢጣሊያኖች ከቁጥቋጦ ውስጥ ታንክ አወጡባቸው። የሞርታር ጥይቱን የጨረሰው ሳጅን ኒጄል ሊኪ አንዱ ታንክ ላይ ዘሎ ወጣና ክዳኑን ከፍቶ አዛዡን በሽጉጥ ገደለው፤ ነጂውንም አስገድዶ ታንኩን ወደ መሸሸጊያ አስነዳው። መድፉ አልተኩስ ሲለው ወርዶ ከአንድ አፍሪካዊ ሻምበል ባሻና ከሁለት አስካሪዎች (አፍሪካውያን ወታደሮች) ጋር ሌሎቹን ታንኮች በእግሩ አደነ። ሁለቱ አለፉት፤ ሦስተኛው ላይ እንደወጣ የአራተኛው መትረየስ ጣለው። ከሞተ በኋላ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለመ፤ የሽልማቱ ጽሑፍ በ1945 እ.ኤ.አ. በለንደን ጋዜት ወጥቷል፣ ማንም በነጻ ያነበዋል። የሦስቱ አፍሪካውያን ስም እዚያ የለም። አንተ ግን ለእያንዳንዳቸው የራሱን ቆርኪ ስጠው።

ጨዋታውን እንዲህ አዘጋጅ፦ አንድ ቆርኪ 40 ሰው ይሁን፣ የተሻገሩት ስድስት ቆርኪ። ታንኮቹ አምስት የክብሪት ሳጥን፤ የትኛው ቁጥቋጦ ውስጥ እንዳሉ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ከዳኛው ዘንድ ይቀመጥ። ተጠባባቂው ጦር ከሦስተኛው ተራ ጀምሮ ዳይሱ ስድስት ሲወጣ ይገባል። በዚያ ሰሞን ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት ስለነበር ከመንገድ የወጣ ተሽከርካሪ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀነስ።

5. ታቦር ተራራ ላይ ውጣ። ከላይ ሆነህ ከተማው ውስጥ ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚሸሸግ ተመልከት፤ ከዚያ ወርደህ ያንኑ ከታች እየው። የምድሩን ከፍታና ዝቅታ ጉግል ኧርዝም ያሳይሃል፤ እግርህ ግን የበለጠ ያስተምርሃል።

6. ማሸነፍን በድል ብቻ አትለካ። ራስ ደስታ ዳምጠው ከማይጨው ውጊያ በኋላም ሲዳሞ ውስጥ ሲዋጉ ቆይተው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተገደሉ። የእሳቸውን የመጨረሻ ወራት ብትጫወት ለአርበኛው ወገን ነጥብ የሚሰጠው ስንት ሰው ከከበባ ይዞ ወጣ ተብሎ ነው። ኢጣሊያን እንዲያባርር ከጠበቅህበት ጨዋታው ገና ሳይጀመር ያልቃል።

7. የቅርቡን ጦርነት ጠረጴዛ ላይ አታውጣ። ከፊትህ የተቀመጠው ልጅ ወንድሙን እዚያ አጥቶ ይሆናል። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

የቁሊቶን ካርታ በሁለት ቅጂ ሥለህ ተጋጣሚህን ይዘህ ና። ዳኛው እኔ ነኝ፤ የታንኮቹን ቦታ የምነግረው ግን ለእሱ ብቻ ነው።