እየዳኸች የፈጸመችው
ትሪያትሎን ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን በተከታታይ የሚያጣምር ውድድር ነው። በሐዋይ የሚካሄደው ረጅሙ የ3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ የ180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና የ42.195 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1982 ጁሊ ሞስ የተባለች የኮሌጅ ተማሪ ይህን ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከረች፤ የመጣችው ለመመረቂያ ጥናቷ ነበር። ሆኖም ሴቶቹን እየመራች ወደ ፍጻሜው ተቃረበች። በዚያ ግን ጉልበቷ ከዳት፤ ወደቀች፣ ተነሣች፣ ዳግመኛ ወደቀች።

ምክንያቱን ልናስተውል ይገባናል። በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስንቅ ለሰዓታት በሚዘልቅ ድካም ያልቃል፤ በጉዞው ላይ በምግብና በመጠጥ ካልተተካ ብርቱ ፈቃድ ብቻውን እግርን አያጸናም። ስለ ጽናት የምናስተምር ሰዎች ይህን ዘንግተን «በርታ» ብቻ ስንል ወጣቶቻችንን እንበድላለን፤ እኛም ብለናል።

ካትሊን ማካርትኒ (ስሟን የሚያስታውስ ጥቂት ነው) ቀድማት አሸነፈች። ሞስ የቀሩትን ጥቂት ሜትሮች በእጇና በጉልበቷ ዳኸች፤ ከአሸናፊዋ 29 ሰከንድ ዘግይታ፣ በ11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ መስመሩን ተሻገረች።