ጎን ለጎን እየኖሩ መለያየት
(ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት)

በአንድ ገበያ እየተገናኙ፣ በአንድ ማሳ እየሠሩ፣ ሲመሽ ግን በየሰፈራቸው ተለያይተው የሚያድሩ፣ በሠርግም በለቅሶም የማይጠራሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። በዚህ ጥናት እንዲህ ያለው መለያየት ከየት እንደሚመጣ እንመለከታለን። መነሻችን አዲስ አበባ ናት፤ ከዚያም ወደ መተማና ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ እንሻገራለን።

1. በሕግና በፕላን የተደረገ መለያየት

የቀድሞዎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ የተቆረቆሩ ስለ ነበሩ ባለጸጋውና ድኻው አጥር ለአጥር ይኖሩ ነበር። ጌታና ሎሌ እኩል ነበሩ ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ኑሮ ያይ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን የያዘው የፋሺስት ኢጣልያ አገዛዝ ግን ሰፈርን በዘር ለመክፈል ተነሣ። በአራዳ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ አካባቢውን ለሀገሬው ሰው መደበው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ቦታ ነው። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያዊና የሀገሬው ተወላጅ እንደ ባልና ሚስት አብረው እንዳይኖሩ በቅጣት ከለከለ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ገዢው መንገድ የሚሠራለትን ክንድ አልጠላም፤ የጠላው የክንዱን ባለቤት ጎረቤት ማድረግን ነው።

2. በልማድ የጸና መለያየት

በመተማ ቆላ እንዲህ ያለ ፕላን ያወጣ የለም፤ ነገሩ ግን ከዚያ ሩቅ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመተማ ገበያ በቡና፣ በጥጥና በሰም ንግድ የታወቀ ነበር፤ በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከሚሸጡት መካከል በቆዳቸው ጥቁረት የተናቁ የድንበሩ ቆላ ሕዝቦች ይገኙባቸው ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ የሚሻር አልሆነም።

ጉሙዞች በዚህ ቆላ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። በአባቶቻቸው ልማድ መሬቱን ጥቂት ዓመት ያርሱና ለምነቱ እንዲመለስ ለረጅም ጊዜ ያሳርፉታል። ይህን ሥርዓት ለማያውቅ ሰው ያረፈው መሬት ባለቤት የሌለው ይመስለዋል። የሰሊጥና የጥጥ እርሻዎች ሲስፋፉ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም ከደጋው ሰፋሪዎች ወደ መተማና ወደ ቋራ ሲመጡ፣ የጉሙዞች ይዞታ እየጠበበ ሄደ። ሰፋሪውም ቢሆን ርስቱ አልበቃው ብሎ የተሰደደ ድኻ ነውና በእርሱ ላይ ብቻ ልንፈርድ አይገባም።

3. የማሳው ዳስና የስደተኛው ድንኳን

በየክረምቱ ለአረም፣ በመከርም ለሰሊጥ አጨዳ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኞች ከደጋው ይወርዳሉ። ባለ እርሻው በከተማ ሲኖር፣ እነርሱ በማሳው ዳር በዳስ ወይም በሜዳ ያድራሉ። በተሰነጠቀው ጥቁር አፈርና በግራሩ ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ካላዛር የተባለውን ገዳይ በሽታ ታስተላልፍባቸዋለች። ይሁን እንጂ የሠራተኛው ሥቃይ በሠራተኛው ላይ ብቻ አልቀረም። በ1997 ዓ.ም. ቀድሞ ካላዛር በማይታወቅበት በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፣ በሽታው ከመተማና ከሑመራ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት ሳይገባ እንዳልቀረ ታምኗል። አርቀን ያስቀመጥነው ሰው ችግር በራችንን ሳያንኳኳ አይቀርም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ገቡ፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎችም ሰፈሩ። ከከተማ ርቀው በጫካ አጠገብ የሰፈሩት እነዚህ ሰዎች ለታጣቂዎች ዝርፊያና ጥቃት ተጋለጡ። በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ መጠለያውን ትተው በመንገድ ዳር ወደቁ፤ በኋላም ወደ አፍጥጥ ተዛወሩ። በዙሪያቸው ያለው ባላገርም በዚያው ጊዜ ከግጭት ሥጋት አላረፈም ነበር። ጎረቤት የሌለው ሰው ሲጮኽ የሚደርስለት አለመኖሩን ከዚህ እንማራለን።

4. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ከነዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ መለያየት የሚጀምረው የሰውን ጉልበት ወይም መሬት ፈልገን ሰውየውን ግን ጎረቤት አድርገን ሳንቀበለው ስንቀር ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2፣ በጉባኤ ለባለጸጋው የክብር ወንበር፣ ለድኻው ግን የእግር መረገጫ አጠገብ የሚሰጡትን ይገሥጻል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1958 ዓ.ም. ስለ ዘመናዊው ዓለም ባወጣው ሰነድ በዘር፣ በቀለምና በኑሮ ደረጃ የሚደረግ ልዩነት ሊወገድ እንደሚገባው አስተምሯል። በሰው ዕቅድና ልማድ የተሠራ አጥር በሰው እጅ ሊፈርስ ይችላልና፣ ባለ እርሻው ለሠራተኛው የተከለለ ማደሪያና አጎበር በማዘጋጀት፣ እኛም ከሌላው ሰፈር ሐዘን ላይ በመገኘት እንጀምር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በሰፈራችን ለሥራ የምንጠራው፣ ለማዕድ ግን የማንጠራው ማን ነው?
ለ. ያን ሰው በምን ስም እንጠራዋለን? እርሱስ ራሱን በምን ስም ይጠራል?
ሐ. በዕድራችን ወይም በማኅበራችን ሊገባ ፈልጎ በድኽነቱ ወይም በዘሩ የቀረ አለን? እስከሚቀጥለው ስብሰባችን ድረስ ምን ልናደርግ እንችላለን?