ዓመት ዓመት ተመልሶ የሚያብብ የአበባ ኮረት አመራረጥ

ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋ ከተሞች ግቢ ኮረት ሲመረጥ ከአበባው መልክ በፊት አገሩ ይጠየቃል። ቱሊፕ በደንብ ለማበብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ከ9 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የኅዳር ሌሊታችን ቢበርድም ቀኑ ፀሐይ ነውና ይህን አይሞላለትም። በማቀዝቀዣ ቆይቶ የመጣ ቱሊፕ አንዴ ያብባል፤ በዓመቱ ቅጠል ብቻ ይሰጣል፣ ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ገንዘብዎን አያውጡበት።

ከደቡብ አሜሪካ የመጣው አማሪሊስ፣ የደቡብ አፍሪካዎቹ ካላ ሊሊና አጋፓንተስ ግን ብርቱ ብርድ ሳይጠብቁ ያብባሉ። በዝናብ መግቢያ ቀይ ኳስ መስሎ ብቅ የሚለው ስካዶክሰስ ደግሞ የራሳችን አገር በቀል ነው። እኔ የማስቀድመው አጋፓንተስን ነው። ሥሩ እውነተኛ ኮረት ባይሆንም ቦታውን ሳይለቅ እየተባዛ ለዓመታት ይኖራል።

ሲገዙ ትልቁንና ጠንካራውን ይምረጡ። የአማሪሊስ ኮረት ዙሪያው 24 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ጥሩ ነው። ሥር የሚወጣበትን ታች በአውራ ጣት ጫን ያድርጉት፤ ከለሰለሰ ይመልሱት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የደጋ ኮረት የሚሞተው በአብዛኛው በጥም ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ነው። ቅጠሉ ከላይ ለምለም ሆኖ ይታያል፣ ታች ግን መበስበስ ጀምሯል፤ ቅጠሉ በቀላሉ ተነቅሎ እጅዎ ላይ ሲቀር ጊዜው አልፏል። በተለይ በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ውሃ ይዞ አይለቅም። ስለዚህ ኮረቱን ከመግዛትዎ በፊት አፈሩን ይፈትኑ። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው ውሃ ይሙሉ፤ ሲሰርግ ደግመው ይሙሉ። ሁለተኛው ውሃ ከሰዓታት በኋላም ከቆመ እዚያ አማሪሊስ አይትከሉ። እርጥበት የሚወደውን ካላ ሊሊ ይስጡት፣ አለዚያም መደቡን ከመሬት ከፍ አድርገው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠርና በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ይቀላቅሉበት። ጉድጓዱ ሥር ብቻ ጠጠር መጨመር አይበቃም፤ ዙሪያው ዋልካ ከሆነ ውሃው እዚያው ይጠራቀማል። ትኩስ ፍግም ኮረቱን እንዳይነካው፤ እባክዎን ይጠንቀቁ።

አተካከሉ ቀላል ነው፦ ብዙውን ጊዜ የኮረቱን ቁመት ሁለት ሦስት እጥፍ ጥልቀት፣ አማሪሊስ ሲሆን ግን አንገቱና ትከሻው ከአፈር በላይ።

አበባው ሲረግፍ አገዳውን ይቁረጡ፣ ቅጠሉን ግን ራሱ ቢጫ እስኪሆን አይንኩት። የሚቀጥለው ዓመት አበባ ስንቁን የሚያገኘው ከዚያ ቅጠል ነው። አትክልተኛ ካለዎት አስቀድመው ይንገሩት፤ ግቢ ለማጽዳት ብሎ ያጭደዋል።

የአማሪሊስ ኮረት ሽንኩርት ይመስላል፣ መርዛማም ነው። እስኪተከል ድረስ ከወጥ ቤት፣ ከልጆችና ከውሻ አርቀው ያስቀምጡት።