ስለ ቆዳ ድርቀት

ጥያቄ፦ ክቡር ሐኪም ሆይ፣ ከኅዳር ወር ጀምሮ እጄና እግሬ እየነጣ ይሰነጣጠቃል፤ ማታ ማታም ያሳክከኛል። በየቀኑ በሙቅ ውኃና በሳሙና ብታጠብም አልተሻለኝም። ምን ይበጀኛል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፈጣሪ ለሥጋችን መጎናጸፊያ አድርጎ የሰጠን ቆዳ በተፈጥሮ ቅባቱ ርጥበቱን አምቆ የሚኖር ሲሆን፣ በበጋ ወራት ደረቁ የደጋ ነፋስ ርጥበቱን ሲመጠው፣ ሙቅ ውኃና ሳሙናም ቅባቱን አጥበው ሲወስዱት፣ እርስዎ እንደ ገለጹት ይነጣል፣ ይሰነጠቃልም፤ ስለዚህ ለፈውስ ያሰቡት መታጠብ ራሱ ሕመሙን አባብሶታል ብዬ አምናለሁ።

ውኃው ለብ ያለ፣ ጊዜውም ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ይሁን፤ ሳሙናውም ሽቶ የሌለበት ሆኖ በብብትና በመሰል ስፍራዎች ብቻ ይወሰን። ከዚያም ገላዎን ሳይፈትጉ በፎጣ ተጫን ተጫን አድርገው፣ ጥቂት ርጥበት ሳለበት ወዲያውኑ ቫዝሊን ይቀቡ፤ ቫዝሊን ያለውን ውኃ ያግዳል እንጂ ከራሱ አይሰጥምና፣ ከደረቁ በኋላ ቢቀቡት ጥቅሙ ያንሳል። ለተሰነጠቀው ተረከዝ ዩሪያ ያለበትን ቅባት ማታ ቀብተው በካልሲ ሸፍነው ይደሩ። ግሊሰሪንን ከሎሚ ጋር መቀላቀል ግን፣ ብዙዎች ቢያዘወትሩትም፣ የቆሰለውን ቆዳ ስለሚያቃጥል አጥብቄ እከለክልዎታለሁ።

ስንጥቁ መግል ቢይዝ ሳይዘገዩ ይመርመሩ፤ ማሳከኩ መላ አካልዎን ቢያዳርስም፣ የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የእንቅርት ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል እንዲሁ ያድርጉ።