ድባቴ በወንድና በሴት፦ «ሆድ ይፍጀው» የማይበቃበት ጊዜ

ሁለት ተማሪዎችን እናስብ። ሁለቱም ከትምህርታቸው ጎን ለጎን በነታንያ፣ በሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና የማታ ፈረቃ ይሠራሉ። ሁለቱም ለሳምንታት እንቅልፍ አጥተዋል፣ ምግብ አስጠልቷቸዋል፣ ይወዱት የነበረው ሁሉ ጣዕም አጥቶባቸዋል። እሷ በእረፍት ሰዓት ለጓደኛዋ እያለቀሰች ነገረቻት። እሱ ግን በትንሽ በትልቁ መቆጣት፣ መጠጥ ማብዛትና ከሰው መሸሽ ጀመረ። ሲጠየቅ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል። ለማን እንስጋ?

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ድባቴ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ በ50 በመቶ ገደማ ይበዛል። በብዙ አገሮች ራሳቸውን ለማጥፋት የሚሞክሩትም በብዛት ሴቶች ናቸው። የሚሞቱት ግን ወንዶች ይበልጣሉ። በ2019 በዓለም ዙሪያ ከ100,000 ወንዶች 12.6፣ ከ100,000 ሴቶች ደግሞ 5.4 ያህሉ ራሳቸውን በማጥፋት ሞተዋል። ሲልቪያ ካኔቶና አይዛክ ሳኪኖፍስኪ በ1998 ይህን የጾታ ተቃርኖ ብለውታል።

ድባቴ ካለባቸው ሰዎች መካከልስ? በ2011 የታተመ የዴንማርክ ጥናት በድባቴ ምክንያት ሆስፒታል የደረሱ ሰዎችን እስከ 36 ዓመት ተከታትሏል። ከወንዶቹ 6.67 በመቶ፣ ከሴቶቹ 3.77 በመቶ ራሳቸውን አጥፍተዋል። የአእምሮ ሕመም ታሪክ ከሌላቸው ውስጥ ግን ቁጥሩ ለወንዶች 0.72፣ ለሴቶች 0.26 በመቶ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስላ። የሚሞቱት ወንዶች ይበዛሉ። ሆኖም ሕመሙ የወንዱን አደጋ ወደ 9 እጥፍ ሲያሳድገው፣ የሴቷን ወደ 14 እጥፍ ያሳድገዋል። ስለዚህ «እሱ ወንድ ነው፣ ይችለዋል» የሚለው ስሕተት ነው፤ «እሷ ትናገራለች እንጂ አታደርገውም» የሚለውም እንዲሁ። ቀደም ሲል መሞከር ከዋናዎቹ የአደጋ ምልክቶች አንዱ ነው። ተስፋ የሚሰጠውም እዚያው ቁጥር ውስጥ አለ፦ ከባድ ድባቴ ከያዛቸው ውስጥ እጅግ የሚበዙት በዚህ መንገድ አልሞቱም።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ወንዶች እርዳታ የሚጠይቁት ዘግይተው ነው። ሕመማቸው በሐዘን ፈንታ በቁጣና በመጠጥ ሊገለጽ ስለሚችል ቤተሰብም ሐኪምም ሊስተው ይችላል። የሚመርጡት መንገድም ብዙ ጊዜ ለመዳን ጊዜ አይሰጥም። የእስራኤል ሠራዊት በ2006 ወታደሮች ለሰንበት ወደ ቤት ሲሄዱ መሣሪያ ይዘው እንዳይወጡ ሲያደርግ፣ በወታደሮች መካከል ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ቀነሰ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ክፉው ሰዓት ያልፋል፤ በዚያ ሰዓት አደገኛ ነገር ከእጅ መራቁ ሕይወት ያተርፋል።

እኛስ?

የእስራኤል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሪፖርቶች እንደሚያሳዩት በኢትዮጵያ ተወልደው የመጡ ሰዎች ራሳቸውን የሚያጠፉበት መጠን እዚህ ከተወለዱት ይበልጣል። አባት በአገሩ የተከበረ ሽማግሌ ነበር፤ እዚህ ደብዳቤውን የሚያነብለት ልጁ ነው። ቅሬታውን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይውጠዋል፤ ወንዱ ልጅም ይህንኑ ይማራል። በ1999 የታተመ፣ በቡታጅራ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን የጠየቀ ጥናት 3.2 በመቶ ያህሉ በሕይወታቸው ራሳቸውን ለማጥፋት እንደሞከሩ አሳይቷል። በብዛት የተጠቀሰው ምክንያት የትዳርና የቤተሰብ ጠብ ነበር። ቤት የሚያቆስለውን ያህል የሚያድነውም ቤት ነው።

ምን እናድርግ?

በቀጥታ እንጠይቅ፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም፤ ብዙ ጊዜ ሸክም ያቀላል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻውን አንተወው፤ መሣሪያና መድኃኒት ከአጠገቡ እናርቅ፤ ወደ ኩፓት ሖሊም ሐኪሙ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት አብረን እንሂድ። የኤራን ስልክ 1201 ቀንም ሌሊትም ይሠራል። አደጋው አሁኑኑ ከሆነ 101 እንደውል።

ወደ ሁለቱ ተማሪዎች እንመለስ። ለሁለቱም እንሰጋለን። እሷን አምነን እንስማት፤ እሱን ሳይናገር ቀድመን እንጠይቀው።

ለውይይት
1. በቤታችሁ የወንድ ሐዘን በምን ይገለጻል?
2. «ደህና ነኝ» ለሚል ጓደኛ ሁለተኛው ጥያቄያችሁ ምን ይሆናል?